መልስ፦ ጠግቤም መብላት ለምን አላቆምም?

እህቴ፣ ጠግበሽም መብላት ማቆም እንዳቃተሽ ጽፈሽ «ሰነፍ ነኝ ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም አይደለሽም። ጭንቀት ሲከርም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምርና ሰውነት ጣፋጭና ቅባት አምጡ ይላል። ስትበዪ ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ይልሻል። ከዚያ ጸጸቱ ይመጣል፣ «ነገ ምንም አልቀምስም» ትያለሽ፣ በማግስቱ ጾምሽን ትውያለሽ፣ ማታ ደግሞ ማንም ሳያይሽ ማድቤት ቆመሽ፣ ሳህን እንኳን ሳታወጪ፣ ከድስቱ ትበያለሽ። እኔም እዚሁ አዙሪት ውስጥ ነበርኩ። የረዳኝ ቁርስ አለመዝለል ነው፤ ራስን ማስራብ ነገሩን ያባብሰዋል። እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት «ርቦኝ ነው ወይስ ከፍቶኝ?» በይ። እንዲህ ራስን መቆጣጠር አቅቶ ከልክ በላይ መብላት ቢያንስ በሳምንት አንዴ እየሆነ 3 ወር ካለፈው ግን ባለሙያ አማክሪ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህንን በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም (በእንግሊዝኛ binge eating disorder) ብሎ መዝግቦታል፣ የንግግር ሕክምናም ብዙ ሰው ረድቷል። አፍረሽ አትቅሪ፣ እባክሽ።