ፋንታሲ በጆሮ ስትጀምሪ መጀመሪያ ተራኪውን ምረጪ

እህቴ፣ ያልሽው ይሄ ነው፦ የእንግሊዝኛ ፋንታሲ በድምፅ ስትሰሚ ስሞቹ ይምታቱብሻል፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ታሪኩ ይጠፋብሻል፣ ከየትኛው ልጀምር? ጥፋቱን በእንግሊዝኛሽ አታሳቢ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰብለ ወንጌል የሚለው ስም አንዴ ከተጠራ ይያዛል፤ ስሙን ድሮም እናውቀዋለን። ፋንታሲ ላይ ግን ስሙም አገሩም አምላኩም የተፈጠረ ነው። ወረቀት ቢሆን ወደ ኋላ ገልበጥ አድርገሽ ታያለሽ፤ በድምፅ ግን ያለሽ ተራኪው ብቻ ነው። እሱ ሰዎቹን በድምፅ ካልለየልሽ ምርጥ የተባለው መጽሐፍም አይረዳሽም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፋንታሲውን ተዪና በሳይንሳዊ ልብወለድ ግቢ። ሬይ ፖርተር የተረከው «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» 16 ሰዓት ገደማ ነው፤ በ2022 በኦዲ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የድምፅ መጽሐፍ ተብሏል። ታሪኩን የሚያወራው ራሱ ባለታሪኩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንኮራኩር ውስጥ ብቻውን ስለሆነ የምትይዣቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። መሃል ላይ በቃል ሳይሆን በዜማ የሚናገር ፍጡር ይመጣል (ከዚህ በላይ ብል ላበላሽብሽ ነው)። መጽሐፉ ላይ የኖታ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው፤ በድምፅ ቅጂው ግን ዜማው ራሱ ከንግግሩ ጋር ይሰማል። ከማንበብ መስማት ይሻላል የምለው መጽሐፍ ብዙ አይደለም፣ ይሄ ግን አንዱ ነው።

ቀጥሎ አንዲ ሰርኪስ የተረከውን «ሆቢት» ያዢ፤ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አንድ ጉዞ፣ አንድ መስመር። መጀመሪያው ላይ 13 ድንኮች ተከታትለው ቤት ሲገቡ አትደንግጪ፤ ቶሪንና ባሊንን ከያዝሽ ሌሎቹ እየቆዩ ይለያሉ። ሰርኪስ በፊልሙ ጎለም የሚባለውን ፍጡር የተጫወተው ሰውዬ ስለሆነ ዋሻው ውስጥ ያለውን የእንቆቅልሽ ውድድር በዚያው ድምፅ ነው የሚተርከው። የ«ሆቢት»ን ተከታይ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ደግሞ ሮብ ኢንግሊስ በ1990 የተረከው ቅጂም አለ፤ ዘፈኖቹን እየዘፈነ፣ ረጋ ብሎ ይተርካል። ማታ ለመስማት እሱን እመርጣለሁ።

«የነገሥታት መንገድ» (The Way of Kings) የሚባለውን ፋንታሲ ብዙ ሰው ለጀማሪ ሲመክር አያለሁ፤ እኔ አልስማማም። 45 ሰዓት መሆኑ አይደለም ችግሩ፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ከ4,500 ዓመት በፊት ያለ ሰው፣ ከዚያ አንድ ነፍሰ ገዳይ፣ ከዚያ ጦር ሜዳ ላይ ያለ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዋናውን ባለታሪክ ካላዲንን መከተል የምትጀምሪው። አንባቢ ይታገሣል፤ አዲስ አድማጭ ግን «የቱን ልያዝ?» እያለ ይደክመዋል። «ዱን» የሚባለው ሳይንሳዊ ልብወለድ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በ2007 የወጣው ቅጂ አንዳንድ ምዕራፉ በብዙ ተዋናዮች፣ አንዳንዱ በአንድ ተራኪ ብቻ ስለሆነ የታሪኩ ክፉ ሰው፣ ባሮኑ፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ ድምፁ ይቀየራል። ታሪኩን ቀድሞ ለሚያውቅ ምንም አይደለም።

ስሞቹን በተመለከተ፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውን ፍለጋ ጉግል ላይ አትድከሚ፤ የታሪኩ መጨረሻ ነው የሚወጣብሽ። እንደሰማሽው በፊደላችን ጻፊው፣ አጠገቡ ሁለት ቃል ጨምሪ፤ ለምሳሌ ለ«የቀለበቶቹ ጌታ»፦ «ሳውሮን፣ የማይታየው ጌታ»፣ «ሳሩማን፣ ነጩ ጠንቋይ»። እነዚህን ሁለቱን የማያምታታ አድማጭ የለም። ለአንድ መጽሐፍ ከስምንት እስከ አሥር ስም ይበቃል።

ፍጥነቱን መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ላይ ከ1 አታሳልፊው፣ 0.9ም ቢሆን ነውር የለውም። ዓለሙ የሚገነባው እዚያ ነው፤ በ1.5 ካሳለፍሽው አሥረኛው ሰዓት ላይ ዕዳው ይመጣብሻል። ተራኪውን ከለመድሽ በኋላ 1.25 ጥሩ ነው፤ ያ 45 ሰዓት 36 ይሆናል። ሳምፕል (የመሞከሪያ ቅንጭብ) ስትሰሚ ደግሞ ትረካውን ብቻ ሰምተሽ አትወስኚ፤ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ጠብቂ። «አለ» የሚለውን ሳትሰሚ ማን እንደተናገረ ካወቅሽ ተራኪው ይሆንሻል።

አልጋ ላይ የምትሰሚ ከሆነ ስሊፕ ታይመሩን (ትረካውን በራሱ የሚያቆመውን ሰዓት) 15 ደቂቃ ላይ አድርጊው። «ምዕራፉ ሲያልቅ» የሚለውን አትምረጪ፤ ፋንታሲ ላይ አንድ ምዕራፍ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ጠዋት የት እንዳንቀላፋሽ ስትፈልጊ ሌላ አንድ ሰዓት ይሄዳል።

ዳታ ካሳሰበሽ፣ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 16 ሰዓቱ 460 አካባቢ ይመጣል። ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂው። አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡና ሊቢ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ ላይ በነፃ ተዋሱ፣ ታዋቂዎቹ ላይ ወረፋ መኖሩን ብቻ እወቁ። ካርድም የባንክ ክፍያም ለሌለው ሊብሪቮክስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የኤች ጂ ዌልስን የ1895ቱን «የጊዜ ማሽን» የመሰሉ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎችን በነፃ ታወርጃለሽ። አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ በየምዕራፉ ሰው ይቀያየራል። ስለዚህ ከማውረድሽ በፊት «ሶሎ» (አንድ ሰው ብቻ ያነበበው) የሚል መኖሩን እዪ።