ደሞዜን ልንገራት ወይ?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ይሠራል፤ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው። ስለ ድንኳን ወይ ስለ ሰንጋ ሊያማክረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ደሞዜ በትክክል ስንት እንደሆነ ልንገራት ወይ?» አለኝ። ሳቅኩበት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ሥራ ነው። የስንቱን ሰው ደሞዝ ሠርቻለሁ፣ የስንቱን ካዝና ቆጥሬ ጉድለት አግኝቻለሁ። በ1987 ዓ.ም. ግን የራሴን ቤት አጎደልኩ።

ያኔ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዕቁብ ነበረን። አርባ ሰው፣ በሳምንት 25 ብር። ዕጣ የወጣለት አንድ ሺህ ብር ይዞ ይሄዳል። የእኔ ደሞዝ 500 ብር ገደማ ስለነበር አንድ ሺህ ብር ቀላል አልነበረም። በዘጠነኛው ሳምንት ዕጣው ለጓደኛዬ ወጣና ዋስ አስፈለገው። አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፤ ሻይ የምንጠጣው አብረን ነው። እንዴት እምቢ ይባላል? ፈረምኩለት።

እስከ አሥራ አምስተኛው ሳምንት ከፈለ። ከዚያ ዝውውር ደረሰውና ሩቅ አገር ሄደ። መጀመሪያ «መንገድ ይዞት ነው» ተባባልን። በኋላ የዕቁቡ ዳኛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ቢሮ ውስጥም ጋቢያቸውን አያወልቁም ነበር። ደብተራቸውን ከጋቢው ሥር አወጡና «ልጄ፣ ይቺ ፊርማ ያንተ ናት?» አሉኝ። የእኔ ናት። የቀረው 25 ሳምንት ነበር፣ 625 ብር።

እዚህ ድረስ ያለው የሞኝነት ነው፤ ሞኝነት ደግሞ ይረሳል። የማልረሳው ማታ ቤት ገብቼ ያልኩትን ነው። ባለቤቴን «መንግሥት ለስድስት ወር መዋጮ ይቆርጥብናል» አልኳት። የደሞዝ መክፈያውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማን ይጠይቀኛል? እሷም «እግዜር ያውቃል» አለችና አስቤዛውን ቀነሰች። መጀመሪያ ቅቤው ቀረ። ከዚያ ለልጁ ጫማ ተብሎ የተቀመጠው ብር ሄደ። ሁዳዴ መሀል ላይ መንዝ እናቷ ዘንድ የሚረቡላትን ሦስት በጎች ልትሸጥ ተነሳች።

በሁዳዴ በግ ማን ይገዛል? ገበያው የሚሞቀው ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነው። ትንሽ ብትቆይ ዋጋው ሌላ ነበር። ይህን እኔ የሂሳብ ሠራተኛው አሳምሬ አውቃለሁ። «ቆይ» ብላት «ምን ቸገረህ፣ አንተ ሌላ ብር አለህ?» ብላ ትመረምረኛለች ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ሸጠቻቸው።

ነገሩ የወጣው ለቅሶ ቤት ነው። የዳኛው ሚስት «የባልሽ ደግነት! የሰው ዕዳ እየከፈለ!» ብለው አመሰገኗት። ማታ ስገባ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። እሳቱን እየቆሰቆሰች «ብትነግረኝ አረቄ አወጣ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እውነቷን ነው፤ እሷ አረቄ ብታወጣ ኖሮ ዕዳው ስድስት ወር አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ንገራት። ደሞዝህን ብቻ ሳይሆን ዕዳህንም ንገራት።

ወጪያችሁን ጻፉ አልላችሁም፤ እሱን ሁሉም ይላችኋል። አዲስ ጎጆ ለምትወጡ ግን ስለ ጳጉሜ ልንገራችሁ። የነሐሴ ደሞዝ 35 ቀን ነው የሚያኖረው፤ ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ መስቀል ይከተላሉ። ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ካላስቀመጣችሁ መስከረም በብድር ይገባል። ጤፍም በጥርና በየካቲት፣ የምንጃር እህል ገበያ ላይ ሳለ ይገዛል እንጂ ነሐሴ ላይ አይደለም። ማገዶና ኩበትም ሳይዘንብ ነው።

ባንክ ወይስ ዕቁብ ለሚለኝ ደግሞ፦ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ብር በ15 በመቶ ዋጋው ዝቅ ተደረገ። ደስታዬ እዚያው ቀረ። ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የሚሆነውን ባንክ አስቀምጡ። ለቆርቆሮና ለአልጋ ግን ዕቁብ ይሻላል፤ ያስገድዳል፣ ብሩም ቶሎ ዕቃ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ዕዳን ቀላል አደረጋችሁት። እኛ ለመበደር ሰው ፊት ቆመን አንገት እንደፋ ነበር። እናንተ አልጋ ላይ ተጋድማችሁ በቴሌብር ትበደራላችሁ፣ ያውም ለጫማ! ያ ማፈር ጥሩ ልጓም ነበር። ግን ልሙት፣ እኔም በዚያ ዘመን ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ማታ ተበድሬ ከሚስቴ እደብቀው ነበር።

ለማንም ዋስ አትሁኑ። ይህን እያልኩ አምና ለጎረቤታችን ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ፈረምኩለት። ምን ላድርግ፣ ያለ ዋስ አይቀጥሩትም። ይህኛውን ግን ለባለቤቴ ቀድሜ ነገርኳት። «ፈርምለት» ያለችኝም እሷ ናት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ሰማችኝና «ሦስት አይደሉም፤ አራት ነበሩ» አለች።

«ምኖቹ?»

«በጎቹ። የአራተኛዋን ብር ለእናቴ ሰጠሁ። አልነገርኩህም ነበር።»