ኢሚውኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) የሚባል ስራ አለ ወይ?

ሰላም እህቴ፣ ባሕር ዳር ሜዲካል ላብራቶሪ 3ኛ አመት እንደሆንሽ፣ ሰውነታችን ቫይረስ ያመጣውን ካንሰር እንዴት እንደሚለይ ካነበብሽ ወዲህ ሌላ ነገር እንዳላስደሰተሽ፣ ቤተሰብ ደሞ "ኢሚውኖሎጂ ብሎ ስራ የለም፣ ተመርቀሽ ክሊኒክ ግቢ" እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። ግማሹን እውነታቸውን ነው። "ኢሚውኖሎጂስት እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ፔዳ (ዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር ላይ ተለጥፎ አታዪም፣ ስራው ግን በሌላ ስም አለ።

እስኪ የወደድሽውን ነገር ራሱን እንየው። ካንሰር ከራሳችን ሴል ስለሚነሳ ለቲ ሴል (ባዕዱን ለይቶ ለሚያጠቃው የመከላከያ ሴል) የቤት ልጅ ይመስለዋል፣ ቫይረስ ያመጣው ግን የባዕድ ፕሮቲን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ኤችፒቪን (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ) ውሰጂ፣ ኢ6 የሚባለው ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሳል፣ ኢ7 የሚባለው ደሞ አርቢን ይይዘዋል፣ ፒ53ና አርቢ የሴሉ ፍሬን ናቸውና ሴሉ ፍሬን አጥቶ ይባዛል፣ እና ካንሰሩ ያለ ኢ6ና ኢ7 መኖር ስለማይችል ጥሏቸው አይሄድም፣ ቁርጥራጫቸው ኤምኤችሲ ክላስ ዋን (ሴሉ ውስጡ ያለውን ውጪ የሚያሳይበት ሰሌዳ) ላይ ይወጣና ሲዲ8 የሚባለው ገዳይ ቲ ሴል ያያቸዋል። ታዲያ ሰው ለምን ይታመማል? ቫይረሱም ሞኝ አይደለማ፣ ኤምኤችሲውን ይቀንሰዋል (ያኔ ደሞ ኤምኤችሲ የጎደለውን ሴል የሚያጠቃው ኤንኬ ሴል "መታወቂያህ የታለ?" ብሎ ይመጣል)። ኢቢቪ የሚባለው ሌላው ቫይረስማ ብሶበታል፣ በርኪት ሊምፎማ (የነጭ ደም ሴል ካንሰር) ውስጥ አብዛኛውን ፕሮቲኑን ዘግቶ ይደበቃል።

አሁን ስራውን ፈልጊ። አርቢ ሲያዝ ፒ16 የሚባል ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ፓቶሎጂ (የቲሹ ምርመራ ክፍል) ላይ ያንን ቀለም ቀብተው ነው የሚያዩት። የማህፀን በር ምርመራ ላይ ያለው የኤችፒቪ ዲኤንኤ ቴስትም ብዙውን ጊዜ ያው ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ መለየት) ነው። ስለዚህ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ለፕራክቲስ ስትወጪ ሰገራና ሽንት ላይ ብቻ እንዳያስቀምጡሽ፣ ፓቶሎጂና ሞለኪውላር ክፍል ካለ አስገቡኝ ብለሽ ለምኚ፣ አታፍሪ። ሐይቁ ዳር ቡና ይዞ ማንበብ ደስ ይላል ግን ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መቅጃ) ያልለመደ እጅ የትም አይቀጠርም።

የመመረቂያ ጥናትሽን ደሞ ከአሁኑ አስቢ። የኤችፒቪ ክትባት እዚህ አገር በ2011 ዓ.ም. ለ14 አመት ሴት ልጆች ነው የተጀመረው፣ አንቺም ምናልባት ያኔ ተከትበሽ ይሆናል። ክትባቱ የቫይረሱን ሽፋን የሚይዝ አንቲቦዲ ነው የሚያሠራው፣ አንዴ ካንሰር የሆነ ሴል ላይ ግን ያ ሽፋን የለም፣ ስለዚህ አይነካውም። ክፍልሽ ካሉት ስንቱ ይሄን ይለያል? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) አይፈልግም፣ ብርም አያስወጣም። ከዛ ሁለት አመት ላብ ሠርተሽ ማስተርሱን ኢሚውኖሎጂ ትገቢያለሽ፣ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም የመሰሉ ቦታዎችንም ያኔ ትሞክሪያለሽ።

ርዕሱን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊና ላኪልኝ፣ ሲቪውን በኋላ እናየዋለን።