ፕልዘን ለምትገቡ ወገኖቼ

ለትምህርትም ሆነ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ቼክ ሪፐብሊኳ ፕልዘን የምትመጡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ቢራ ቤቱን የሰካራም መዋያ አድርጋችሁ አትዩት። እኔ እንደዚያ አይቼው ሁለት ዓመት ሙሉ የባልደረቦቼን ግብዣ ስመልስ ኖርኩ። ብቸኝነቴን ያራዘመው ብርዱም ቋንቋውም ሳይሆን ይኸው ነው።

እዚህ አገር ቢራ የከተማው ክብር ነው። የቼኮች ንጉሥ ዳግማዊ ቫትስላቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1295 ፕልዘንን ሲቆረቁር ለነዋሪዎቿ ቢራ የመጥመቅ መብት ሰጣቸው። ዘመናት አልፈው ጥራቱ ወረደና በ1838 ሕዝቡ ተቆጥቶ 36 በርሜል የተበላሸ ቢራ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ደፋ። ቁጣቸው ግን በመድፋት አላበቃም፤ ተባብረው የጋራ ፋብሪካ ሠሩ፣ ከባቫሪያም ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ አስመጡ። እርሱም ኦክቶበር 5 ቀን 1842 የከተማዋን ለስላሳ ውኃ፣ ነጣ ያለ ብቅልና የዣቴትስ ከተማን ሆፕስ አዋህዶ የመጀመሪያውን የፕልዘን ወርቃማ ቢራ ጠመቀ። ሆፕስ ለእነርሱ፣ ጌሾ ለጠላችን እንደሆነው ነው። አዲስ አበባ የምናውቀው ነጣ ያለ ቢራ ሳይቀር የዚያ ጥምቅ ዘር ነው።

ስትገቡ «ዶብሪ ደን» በሉ፤ እንደምን ዋላችሁ ማለት ነው። ባዶ ወንበር ካለ ጠይቆ ከማያውቁት ሰው ጠረጴዛ መቀመጥ ነውር የለውም። አስተናጋጁ ብርጭቋችሁ ሲጎድል ሳታዙት ሌላ ሊያመጣ ይችላል፤ ከበቃችሁ ከሥሩ ያለችውን ካርቶን አንስታችሁ ብርጭቆው ላይ ክደኑበት። አረፋው ወፍራም ሆኖ ቢቀዳላችሁ አጎደሉብኝ ብላችሁ አትከራከሩ፤ የአቀዳዱ ሙያ እርሱ ነው። የማትጠጡ ወገኖች ኮፎላ የተባለውን የአገሩን ለስላሳ አዝዛችሁ ተጫወቱ፤ የሚያስገድዳችሁ የለም። መኪና የሚነዳ ግን አንዲት ጉንጭ እንኳ አይቅመስ። ሕጉ ለአሽከርካሪ ቅንጣት አልኮል አይፈቅድም።

ሚያዝያ 27 የአርበኞቻችንን የድል በዓል ባከበራችሁ ማግስት፣ ማለትም ሜይ 6፣ ከእነርሱ ጋር አደባባይ ውጡ። በ1945 የአሜሪካ ጦር ከተማዋን ነፃ ያወጣበት ቀን ነው። በኮሚኒስቱ ዘመን ይህን እውነት በአደባባይ ማውሳት አይቻልም ነበርና ዛሬ የሚያከብሩት በሙሉ ልብ ነው። የሁለቱን በዓላት መከታተል ለአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ስነግራቸው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ስለ አርበኞቻችን ይጠይቁኝ ጀመር፤ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስም አልተነሣንም።