ረቂቁ የት አለ?

ልጆቼ፤

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ ማኪያቶ ስንጠጣ አንድ ወጣት ዲዛይነር የሳለውን አንበሳ በስልኩ አሳየኝ። ቲሸርት ላይ አትሞ ሸጦታል። «ጋሼ፣ ኤንኤፍቲ ባደርገውስ?» አለኝ፤ የባለቤትነቱ ምልክት በኢንተርኔት መዝገብ ላይ ሰፍሮ የሚሸጥ ዲጂታል ሥዕል ማለቱ ነው። (አንበሳ በዝቶብናል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።) «እስቲ ረቂቁን አሳየኝ» ስለው «ስልኬ ሞልቶ አጠፋሁት» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

ፒያሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቲሸርት ሳትም ኖሬያለሁ። ስክሪን ያተመ ሰው ያውቀዋል፦ ንድፉን በጥቁር ፊልም ላይ ታወጣለህ፣ የተወጠረውን ስስ ጨርቅ (ስክሪኑን) ኢሙልሽን የተባለ ብርሃን ሲነካው የሚጠጥር ፈሳሽ ቀብተህ ብርሃን ታስመታዋለህ፣ ብርሃን ያልደረሰበት ታጥቦ ይከፈታል፣ ቀለሙ በዚያ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ያስፈልገዋል፤ ቀለም በጨመርክ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ዛሬ «ስትሪትዌር ስታይል» (የጎዳና ልብስ ፋሽን) የምትሉት ወፍራም መስመርና ሁለት ሦስት ቀለም በአብዛኛው የመጣው ከኪስ ነው።

ሾን ስቱሲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የባሕር ሞገድ መንሸራተቻ ይሠራ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የሚፈርመውን ፊርማ ቲሸርት ላይ አተመው፣ ቲሸርቱ ሰሌዳውን በለጠው። ጃፓናዊው ዲዛይነር ኒጎ እ.ኤ.አ. በ1993 ቶኪዮ ሐራጁኩ ውስጥ የዝንጀሮ ፊት የልብሱ መለያ አድርጎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ የተከፈተው የልብስ ሱቅ ሱፕሪም ቀይ ሳጥኑንና ነጭ ፊደሉን የሠራው የሠዓሊት ባርባራ ክሩገርን ሥራ እያየ ነው። ያው ሱፕሪም እ.ኤ.አ. በ2013 አርማዬን አስመስሎብኛል ብሎ ሌላ ልብስ ሠሪ ከሰሰ። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን የዘ ሀንድረድስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተ የልብስ ድርጅት ነው፤ መለያው ፊት ያለው ቦምብ፣ ስሙ አዳም ቦምብ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያን ቦምብ 25,000 ኤንኤፍቲ አድርገው አወጡት። ለብዙ ዓመት የሳሏቸውን የተለያዩ ቦምቦች ከመዝገብ ቤታቸው አውጥተው፣ ከድሮ የልብስ ንድፎቻቸው ጋር አዳቅለው ነው የሠሩት። መዝገቡ ባይኖር ምን ይሸጡ ነበር?

ተቃራኒውንም ልንገራችሁ። ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አርቲፋክት የተባለውን የዲጂታል ጫማ ሠሪ ገዛ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ላይ ክሎንኤክስ የሚባሉት ሥዕሎቹ ለጊዜው ከገጹ ጠፉ። ቶከኑ (የባለቤትነት ምልክቱ) አለ፣ ሥዕሉ የለም! ብዙ ጊዜ ብሎክቼይኑ (ያ የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ የሚቀመጠው ሥዕሉ ያለበት አድራሻ ነው፤ አድራሻው ላይ ያለው ዕቃ ከተነሣ የያዝከው ቁልፍ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ አልሻልም። ገና ወጣት ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጬ አርማ ሣልኩ። ሲቀበለኝ ፊልሙንም ሰጠሁት፣ ረቂቁን ሱቅ ስቀይር ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት። ከዓመታት በኋላ መርካቶ ቦርሳ ላይ አየሁት። «የኔ ሥራ ነው» ብል ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። በዚያ ላይ የቅጂ መብት አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ካነበባችሁ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ከሥዕሉ ገቢ የማግኘት መብት ባለቤት ሥዕሉን ያዘዘው ሰው ነው። እናም ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ግማሽ ገጽ ውል ጻፉ፤ «በዲጂታል መንገድ የመሸጥ መብት የሠዓሊው ነው» የሚል አንድ መስመር ይኑረው። ደንበኛው ካኮረፈ ያኩርፍ።

ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር የነበረውን ቲሸርት እስከ ዛሬ አጣጥፎ ያስቀመጠ ጎረቤት አለኝ። የየዓመቱን ደርድሮ ሲያሳየኝ እያንዳንዱን ማን ከማን ጋር እንደሮጠ ይነግረኛል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ እሱ ግን በምንም ዋጋ አይሸጠውም።

ያ ወጣት ማታ ደወለልኝ። የመጀመሪያውን ንድፍ ድሮ ለጓደኛው በቴሌግራም ልኮት ኖሯል፤ ከነቀኑ አገኘው። አንበሳው ጅራቱ ወደ ግራ ነበር፣ ጎፈሬውም ገና በእርሳስ። ያኛው ይበልጣል ብዬዋለሁ።