የፑል ጥያቄዎቻችሁ፦ የጃፓን ሻምፒዮኖችና የሚወልቅ የስቲክ ጫፍ

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ጃፓን በፑል የዓለም ሻምፒዮን ኖሯት አያውቅም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ተሳስቷል። በናይን ቦል (ከ1 እስከ 9 ቁጥር ባላቸው ኳሶች የሚደረግ፣ 9ኙን ያስገባ ጌሙን የሚወስድበት የፑል ዓይነት) ብቻ ሦስት አሏት፤ ታኬሺ ኦኩሙራ (እ.ኤ.አ. 1994)፣ ኩኒሂኮ ታካሃሺ (1998) እና ዩኪዮ አካካሪያማ (2011)። አካካሪያማ ዋንጫውን ያነሳው ዶሃ ላይ የ2006ቱን ሻምፒዮን ፊሊፒናዊውን ሮናቶ አልካኖን 13 ለ 11 አሸንፎ ነው። ከሦስቱ አንዱን መርጬ ልይ ካላችሁ እሱን እዩ።

ጥያቄ፦ 13 ለ 11 ነጥብ ነው?

መልስ፦ የጌም ብዛት ነው። ቀድሞ 13 ጌም የወሰደ ያሸንፋል። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር ነው፦ ከ1 እስከ 9 በቅደም ተከተል ማስገባት ግዴታ የሚመስለው አለ። ግዴታው ነጯ ኳስ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሹን ቁጥር መንካቷ ብቻ ነው። 1 ቁጥር ተመትቶ 9ኙን ገፍቶ ካስገባው ጌሙ እዚያው አለቀ። 12 ለ 11 የሚመራ ሰው እፎይ የማይለው ለዚህ ነው። ነጯ ቀዳዳ ከገባች፣ ወይም ትንሹን ቁጥር ቀድማ ካልነካች ፋውል ነው፤ ተጋጣሚው ነጯን የፈለገበት አስቀምጦ ይመታል። ትክክለኛ ንክኪ ተደርጎም ምንም ኳስ ካልገባና ማንኛውም ኳስ ጠርዝ ካልነካ ያው ፋውል ነው። በተከታታይ ሦስት ፋውል ጌሙን ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ የስቲኬ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ይወልቃል፤ ጃፓን ሠራሽ ብገዛስ?

መልስ፦ ካሙይና ሞሪ የሚባሉት የጃፓን ጫፎች ተደራርቦ የተጣበቀ ቆዳ ናቸው፤ ጥሩ ናቸው፤ መውለቁን ግን አያስቀሩም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአለጣጠፍ ነው። አሮጌውን በምላጭ አንሱ፣ የቀረውን ማጣበቂያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ። ጫፉ የሚለጠፍበት መቀመጫ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ትንሽ ካዘነበለ ዳር ላይ ክፍተት ይቀራል፣ መላቀቁም ከዚያ ይጀምራል። የአዲሱን ሥር አሻክሩ፣ መፋቁን ከጨረሳችሁ በኋላ በእጅ አትንኩት፤ የጣት ቅባት ማጣበቂያውን ያዳክማል። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት መተው። ሲደርቅ የተረፈውን ዳር ቁረጡና አናቱን አክብቡ። በምት ብዛት እንደ እንጉዳይ ከሰፋ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ብሬክ (ኳሶቹን የሚበትነው የመክፈቻ ምት) ደግሞ ያባብሰዋል። ፕሮፌሽናሎች ለብሬክ ጠንካራ ጫፍ ያለው ሌላ ስቲክ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ስቲክ ስንት ግራም ይሁን?

መልስ፦ ከ510 እስከ 595 ግራም የተለመደ ነው። መጀመሪያ ግን ቀጥ ማለቱን ጠረጴዛ ላይ አንከባላችሁ እዩ።