ከጄኔት ማከርዲ ጀምሩ፣ ሸርሊ ቴምፕል ትቆይ

ኮምቦልቻ ላለው የንባብ ቡድናችሁ፣ በልጅነታቸው ዝነኛ ከሆኑ ተዋናዮች ግለ ታሪክ የቱ ይቅደም ላልሽው፣ የጄኔት ማከርዲን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 2022 የወጣው፣ «እናቴ በመሞቷ ደስ ብሎኛል» የሚለው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እንግሊዝኛውም አይከብድም። ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ እንኳ ሁለት ሦስቱን ትጨርሻለሽ።

በ1988 የወጣው የሸርሊ ቴምፕል ወፍራም ነው፣ ለኋላ ይቆይ። የገንዘቡን ክፍል ግን ለይታችሁ አንብቡት። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሠርታ፣ አድጋ ስታጣራ የጠበቃት 44 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የፊልም ኩባንያዋም ዕድሜዋን በአንድ ዓመት ቀንሶባት ነበር (ይሄ እንኳ እኛም ሰፈር አይጠፋም)። ለክርክር ከዚህ የተሻለ አታገኙም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኛ ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተሰብስበን የማከርዲን ርዕስ እንደወረደ ተርጉሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናታቸውን ከቀበሩ ዓመት ያልሞላቸው አንድ እትዬ አብረውን ነበሩ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ሮጬ ይቅርታ ብጠይቅም አልተመለሱም።

ስለዚህ ርዕሱን ከማንበብሽ በፊት እናትየው ምን እንዳደረገች ተናገሪ። ልጅቷ ገና 11 ዓመቷ ሳለ፣ ሰውነቷ ቶሎ እንዳያድግ ምግብ መቀነስ ያስተማረቻት እሷ ናት። ታዳጊ ሴቶች ካሏችሁ ደግሞ እነዚያን ገጾች አብራችሁ አንብቡ እንጂ ለብቻቸው አትስጧቸው።